ለገና ሁለት ሌሊት ያለው ሰው የት ይሂድ? ላሊበላ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ሐረር ወይስ እዚሁ ፒያሳ

የገናን ሌሊት የት እንደሚያድሩ ሳይወስኑ ከተማ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በዓሉ የሌሊት ነው፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ጾም ይፈታል፣ ቀኑ ደግሞ የቤት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ አስተናጋጁም ቤቱ ዶሮውን ይበላል፣ ታክሲው ይሳሳል። ከዚህ በታች ያሉትን አምስት ቦታዎች የመዘንነው ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ለሚነሳ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ላለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ለክሪስማስ እመጣለሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ማለቱ ነው፤ ያ ቀን እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ የነቢያት ጾምም ገና አልተፈታም። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ 28 ላይ ይውላል። በፈረንጆቹ ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ቲኬትና ሆቴል በዚያ መያዝ ከስህተት ያድናል። ሌላው ስህተት ሰዓት ነው። ቲኬት ላይ 07:00 የተጻፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ይህን ተሳስቶ አውሮፕላን የሚያመልጠው ሰው በየበዓሉ አይጠፋም።

ለሌሊቱ ብቻ ከሆነ ላሊበላን የሚተካ የለም። ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው፣ ከታች ካሉት ጋር እየተቀባበሉ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የሚታየው ሌላ ከተማ የለም። ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው፤ ሌሊቱን ገብቶ ቦታ ያልያዘ ሰው ጠዋት የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በዋዜማውና በዕለቱ በደንብ ማየት አይቻልም፤ ዋሻዎቹ አንድ ሰው በአንድ ሰው የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ላሊበላ የሦስት ሌሊት ጉዞ ነው፦ አንድ ቀን ቀድሞ ገብቶ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና በዙሪያው ያሉትን ማየት፣ ቤተ ጊዮርጊስን ለበዓሉ ማግስት ጠዋት ማቆየት። በሁለት ሌሊት የሚሄድ ሰው ድካም ብቻ ይዞ ይመለሳል። ጋቢ፣ የእጅ ባትሪና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል፤ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው፣ ምንጣፉ ላይ ደግሞ ቁንጫ አይጠፋም። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የሚቀበል መኪና ከሆቴሉ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ስላለው የዓለም አቀፍ ቲኬቱን ቁጥር ይዞ ይግዛ። የየብሱ ጉዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ሳምንት ሳያጣሩ የሚሞከር አይደለም።

ቢሾፍቱ ከአምስቱ ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኛል። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የፍጥነት መንገድ አለው፣ ሐይቆቹ ሆራና ባቦጋያም ያምራሉ፤ ግን ይህንኑ ያሰበው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል የሚወጣ መኪና በግና በሬ ከሚነዳው ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው፤ ቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር ሳይደርስ ቀኑ ይመሻል። መሄድ ግድ ከሆነ በበዓሉ ማግስት፣ በጠዋት።

ማረፍ ለሚፈልግ ሐዋሳ ይሻላል። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አህያና ባጃጅ ስላለ ሳይመሽ መግባት ነው። አሞራ ገደል የዓሣው ገበያ የጠዋት ነው፤ አርፍዶ የሄደ ሰው የሚያገኘው ትልልቆቹን ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው።)

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን ለሁለት ሌሊት ከሁሉ የምናስቀድመው ሐረር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሌላው ከተማ በገና ቀን ሲዘጋ፣ ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ያላት ሐረር ገበያዋ ይሠራል። በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ ጁገልን በእግር መዞር፣ ማታ ጅቦቹ ሲመገቡ ማየት፣ መቀደስ ለሚፈልግም ግንቡ ውስጥ መድኃኔ ዓለም አለ። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በሚኒባስ ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ነው። ባቡሩ ርካሽ ነው፤ ሆኖም የሚነሳው ከመሀል ከተማ ሳይሆን ከፉሪ ለቡ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት ይጠይቃል፣ ጉዞውም ቀኑን ይበላል። የሚሄድበትን ቀን ማጣራትና ዋናውን መታወቂያ መያዝ አይረሳ። ልብስ ሁለት ዓይነት ይያዝ፤ ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ሐረር ግን ማታ ይቀዘቅዛል።

ቲኬት ያጣ ወይም እንግዳ የመጣበት ሰው ፒያሳን አይናቅ። ክፍል መያዝ ያለበት ጊዮርጊስንና አራት ኪሎ ሥላሴን በእግር በሚያደርስ ቦታ ነው፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ በዚያ ሰዓት መኪና ፍለጋ መቆም አያዋጣም። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያና አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ከዋዜማው በፊት መጨረስ ነው። ፒያሳን ከ2016 በፊት ብቻ የሚያውቅ ዘመድ መንገዱ ስለሚጠፋበት ብቻውን አይላክ፤ አሮጌዎቹ ሱቆች ፈርሰዋል። ሆቴሉን ሲይዙ ቁርስ አለ ወይ ብቻ ሳይሆን «በገና ቀን ወጥ ቤቱ ምሳ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። አይሠራም ካሉ፣ ቅርጫ የሚገባ ጎረቤት ያለው ዘመድ ከወዲሁ ይፈለግ።