የሩቢን ቴሌስኮፕ ግንባታና ተከላ፦ የትኛው ውሳኔ ሠመረ፣ የትኛውስ ዋጋ አስከፈለ?

ቴሌስኮፕ ከከተማ ርቆ ተራራ ላይ ሲተከል ትልቁ ጥያቄ «ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ የት ይጠገናል?» የሚለው ነው። በቺሌ ሴሮ ፓቾን ተራራ ላይ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የቆመው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ ለዚህ ጥያቄ ያበጀው መልስ ከምርጦቹ ተርታ ይመደባል። አንዳንዱ ውሳኔ ግን ውድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመስታወቱ እንነሳ። ዋናው መስታወት 8.4 ሜትር ስፋት አለው፤ 5 ሜትር የሚሆነው ሦስተኛው መስታወት ደግሞ በዚያው ብርጭቆ መሀል ጠለቅ ብሎ ተቀርጿል። ብርሃኑ ከውጨኛው ቀለበት ተነስቶ ከበላዩ ወዳለው 3.4 ሜትር ሁለተኛ መስታወት ይወጣል፣ ከዚያ ወደ መሀሉ ይወርዳል፣ ተመልሶ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ገጾች አንድ አካል ስለሆኑ እርስ በርስ የማስተካከሉ ሥራ ከነጭራሹ ቀርቷል፤ ተካዩ ቡድን ከዋናው መስታወት አንጻር የሚያስተካክለው ሁለተኛውን መስታወትና ካሜራውን ብቻ ነው። ይህን ውሳኔ ያለ ማመንታት እናደንቃለን። የተከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው፦ ብርጭቆው በ2008 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ቅርጽ ያዘ፣ የሁለቱ ገጾች ልስለሳ ግን ያለቀው በ2015 ነው። መሀሉ ለሦስተኛው መስታወት ስለተሰጠም ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ ከ6.5 ሜትር መስታወት ብዙም አይርቅም። «8.4 ሜትር» የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ ከሌሎች ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ብርጭቆው ቦሮሲሊኬት ነው፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። ቦሮሲሊኬት በሙቀት ስለሚለጠጥ አንዱ ጎኑ ከሌላው ትንሽ ከሞቀ ቅርጹ ይዛባል። ከዚህም ሌላ ብርጭቆው ከሌሊቱ አየር ከሞቀ ከገጹ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ከዋክብቱን ያደበዝዛል። ስለዚህ በየቀዳዳው ሙቀቱ የተመጠነ አየር ይነፋል። ይህ ሥርዓት በተከላ ጊዜ ወደ ኋላ የሚገፋ «ተጨማሪ ዕቃ» አይደለም፤ ያለ እሱ የመስታወቱ ልስላሴ ዋጋ የለውም።

የሚበልጠው ምስጋና የሚገባው ቅቡ፣ ማለትም ብርጭቆው ብርሃን እንዲያንጸባርቅ የሚለብሰው ስስ ንብርብር ነው። የመቀቢያው ቫኪዩም (አየር አልባ) ክፍል ከጀርመን መጥቶ እዚያው ተራራው ላይ፣ ከቴሌስኮፑ ሥር ባለው ሕንፃ ተተክሏል። መስታወቱ ቅቡ ሲያረጅ ከነተሸካሚው በጋሪ ይወጣና በሊፍት ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ አሮጌው ቅብ ይነሳል፣ እንደገና ይቀባል፤ ተራራውን ለቆ አይሄድም። በኤፕሪል 2024 የተቀባው በአራት ስስ ንብርብር ነው፦ ከብርጭቆው ጋር የሚያጣብቅ የኒኬልና ክሮሚየም ቅይጥ፣ ብር፣ እንደገና በጣም ስስ የሆነ ኒኬል-ክሮሚየም፣ ከላይ ሲሊኮን ናይትራይድ። የላይኛው ብሩን ከእርጥበትና ከድኝ ይጠብቀዋል። ከመቀባቱ በፊት አቧራ ከቀረ እዚያ ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል፣ ብሩም መጥቆር የሚጀምረው ከዚያ ነው። እጥበቱ ከቅቡ እኩል ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ብር ለምን ተመረጠ? ብርሃኑ ሦስት ጊዜ ስለሚንጸባረቅ ኪሳራው ይደራረባል። እያንዳንዱ ገጽ 90 በመቶ ቢያንጸባርቅ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 73 በመቶ ገደማ ነው፤ 95 በመቶ ቢሆን 86 በመቶ ይደርሳል። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው፦ ብር በአልትራቫዮሌት አካባቢ ከአሉሚኒየም ያንሳል፣ ያ ድክመትም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ይባዛል። ወደ አልትራቫዮሌት የሚጠጋውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፈው በ«ዩ» ማጣሪያ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

መጓጓዣው ላይ የሚቀሰም ትምህርት አለ። መስታወቱ በ2019 በመርከብ ኮኪምቦ ወደብ ደርሶ በፑክላሮ ዋሻ በኩል አልፏል፤ የማሸጊያውን ስፋት የሚወስነው የመንገዱ ጠባብ ቦታ እንጂ የተሽከርካሪው አቅም አይደለም። ካሜራው 3 ቶን ያህል ይመዝናል፤ እሱ ከመላኩ ከዓመታት በፊት ክብደቱን የሚተካ ጭነት በዚያው መስመር ተጉዞ የመንገዱ ንዝረት ተለክቷል። እውነተኛው ካሜራ በሜይ 2024 ከካሊፎርኒያ በጭነት አውሮፕላን መጣ፣ የመጨረሻውንም የጥርጊያ መንገድ በዝግታ ወጣ።

ተተኪ ክብደት መጠቀም የዚህ ፕሮጀክት መልካም ልማድ ነው። የመስታወቱ ተሸካሚ መጀመሪያ የተፈተነው ብርጭቆውን በሚመስል የብረት አካል ነው። ተሸካሚው ላይ 156 በታመቀ አየር የሚሠሩ ገፊዎች ክብደቱን ይዘው ቅርጹን ያስተካክላሉ፤ 6 ጠንካራ እግሮች ደግሞ ቦታውን ብቻ ይወስናሉ። እግሮቹ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣባቸው እንዲለቁ ተደርገው ተሠርተዋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚበዛባት ቺሌ ይህ ግዴታ ነው። የቫልቭ ወይም የፕሮግራም ስህተት ካለ በብረቱ ላይ ይገኝ፤ ብረት ይተካል።

ቴሌስኮፑን የሚሸከመው የብረት አካል ስፔን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ከተፈተነ በኋላ ተፈትቶ ተላከ። ሁለት ጊዜ መገጣጠም ውድ ይመስላል፤ ሆኖም ፋብሪካ ውስጥ በሰዓታት የሚታረም የቀዳዳ አለመግጠም ተራራ ላይ ሳምንታት ይበላል። ደካማው ጎን ቅደም ተከተሉ ነው፦ ጉልላቱ ሳያልቅ ተከላው ውስጡ ተጀመረ፣ በማርች 2020 ደግሞ ወረርሽኙ ሥራውን አቆመ። ሁለት ቡድኖች አንድ ቦታ ሲሠሩ ክሬኑን ይጠባበቃሉ፣ የአንዱ አቧራም የሌላው ኩሽኔታ ላይ ያርፋል።

ወደ 300 ቶን የሚጠጋው ተንቀሳቃሽ አካል በግፊት በሚገባ ስስ የዘይት ንብርብር ላይ ይንሳፈፋል፤ 3.5 ዲግሪ ዞሮ በ5 ሰከንድ ውስጥ ረግቶ መቆም አለበት። ዘይቱ በፓምፕ ስለሚሞቅ ካልቀዘቀዘ ጉልላቱ ውስጥ ምድጃ እንደማስገባት ነው። ቴሌስኮፑ ያረፈበት ምሰሶ ከሕንፃው መሠረት ተለይቶ መቆሙም የሕንፃው ንዝረት ወደ መስታወቱ እንዳይሻገር ነው።

ካሜራው 3.2 ቢሊዮን ፒክስል አለው፤ 189 ሴንሰሮቹ ወደ 100 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛሉ። የትኩረት ምጥኑ (የትኩረት ርቀቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል) 1.23 ስለሆነ ትኩረቱ በ12 ማይክሮን (በሺኛ ሚሊሜትር) ከሳተ ብዥታው የአንድ ፒክስል ስፋት፣ ማለትም 10 ማይክሮን ይደርሳል። ለዚህም በአራቱ ማዕዘኖች ያሉት ሴንሰሮች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ከትኩረቱ ፊት፣ ግማሹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከሁለቱ ብዥታ ልዩነት መስታወቶቹ በየት በኩል እንደሳቱ ይሰላል። ካሜራው ተራራው ላይ በድጋሚ ተፈትኖ በማርች 2025 ተገጠመ። ከእሱ በፊት በ144 ሚሊዮን ፒክስል ትንሽ ካሜራ በኦክቶበር 2024 ሰማዩን መሞከራቸው ዋናውን ካሜራ ሳይነኩ የመስታወቶቹን ችግር ለመለየት አስችሏል፤ በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚሰረዘው እንዲህ ያለው መሞከሪያ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚያቅድ ሁሉ ከውሉ እንዳያወጣው አጥብቀን እንመክራለን።