የእርግዝና መከላከያ፦ የሚዋጠው እንክብል ወይስ ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው (የክንዱ)? ለልጃገረዷ ልብ የቱ ይሻላል?

ወጪ ላይ አንጨቃጨቅ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁለቱም በነፃ ነው።

አመቺነት፦ እንክብሉ በየቀኑ ይዋጣል። ከመንዝ መጥታ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ለምትማር ልጅ፣ ሦስት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል መደበቁ ራሱ ፈተና ነው። የክንዱ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል።

ልብ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የተለመደው እንክብል ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አለው። ኢስትሮጅን ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፤ ግፊትም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለጤነኛ የ17 ዓመት ልጅ አደጋው ትንሽ ነው። እንዲያውም እርግዝና ከእንክብሉ የባሰ ደም ያረጋል። ቶንሲል ልቧን ነክቷት በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጋ ልጅ ግን ሌላ ናት። ግፊት ያለባት፣ ወይም ማይግሬኗ (ከባድ ራስ ምታቷ) ሲጀምራት ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚልባትም እንደዚያው። የክንዱ ኢስትሮጅን የለውም።

ጣጣ፦ የክንዱ የወር አበባ ያዛባል፤ አንዳንዷን ሳምንታት ጠብ ጠብ ይልባታል። በዚህ እንክብሉ ይበልጣል፤ ቁርጠትም ይቀንሳል።

ስለዚህ ግፊቷ ተለክቶ ደህና ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ማይግሬንም ከሌለባት፣ ሰዓትም ካልረሳች፣ እንክብሉ ይሆናታል። የልብ፣ የግፊት ወይም እንዲህ ያለ የማይግሬን ታሪክ ካላት የክንዱ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሕመሟን ለባለሙያዋ ነግራ። እንክብል እየወሰደች አንድ እግሯ ካበጠ ወይም ደረቷን ከወጋት፣ ሳታድር ጤና ጣቢያ ትሂድ።