ዶሉቴግራቪር ወይስ ኤፋቪሬንዝ? ለነፍሰ ጡር የትኛው ይሻላል?

ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከ37 ሳምንት በፊት የመውለድ ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ይላል። ታዲያ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዓይነት፣ ዶሉቴግራቪር ወይም ኤፋቪሬንዝ መሆኑ፣ ለውጥ ያመጣል?

ያለጊዜው መውለድ፦ በ9 አገሮች 643 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ቬስትድ የተባለ ጥናት አለ። ኤፋቪሬንዝ ከጀመሩት 12.1 በመቶው ያለጊዜው ወልደዋል። ዶሉቴግራቪርን አብሮት ከሚሰጠው ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ከአዲሱ ቴኖፎቪር (አላፌናሚድ) ጋር የጀመሩት ግን 5.8 በመቶ ናቸው። ከድሮው ቴኖፎቪር ጋር ሲሆን 9.4 ነው፤ ይሄኛው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል ብዙ አትመኩበት።

ፍጥነት፦ ዶሉቴግራቪር ቫይረሱን ቶሎ ያወርዳል። ኤፋቪሬንዝ ቀስ ይላል።

ስጋት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ዶሉቴግራቪር የፅንስን አንጎልና ህብለሰረሰር ይጎዳል ተብሎ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ መረጃው ሲበዛ ግን ስጋቱ ረገበ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ለነፍሰ ጡሮች ጭምር ቀዳሚ ምርጫ አደረገው። ኤፋቪሬንዝ ደግሞ ማዞርና ቅዠት ያመጣል፤ ለአንዳንዷ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

አወሳሰድ፦ እዚህ ላይ ዶሉቴግራቪር ጣጣ አለው። ነፍሰ ጡሮች በብዛት የሚውጡት አይረንና ካልሲየም ኃይሉን ይቀንሱታል። ወይ ሁሉንም ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩን 2 ሰዓት ቀድሞ አለዚያም 6 ሰዓት ቆይቶ መዋጥ ነው። ኤፋቪሬንዝ ይህ ችግር የለበትም፤ ከወሊድ በኋላ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ግን ያዳክማል።

በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ ሕክምና ለምትጀምር ዶሉቴግራቪር ያዋጣል። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ለምትወስድ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ መሆን አለበት፣ ኤፋቪሬንዝ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ኤፋቪሬንዝ ተስማምቷት ቫይረሷ ወርዶ ያረገዘች ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትቀይር፣ በፍርሃትም አታቋርጥ።