አንድ ጉደር፣ ሁለት ሱቅ

ለገና ከቶሮንቶ አዲስ አበባ መጥቼ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በረራውም፣ ሲም ካርዱም፣ ታክሲውም ደህና ነበሩ፤ ልለፋቸው። መጻፍ የፈለግኩት ወይን ስለሸጡልኝ ሁለት ሱቆች ነው።

ያረፍኩት ገርጂ፣ አክስቴ ቤት ነው። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሰዓት በኋላ ጉደር የተባለውን የአገር ቤት ቀይ ወይን ልገዛ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ጠርሙሶቹ መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፤ ፀሐዩ በቀጥታ ያርፍባቸዋል። ሻጩ አንዱን አንስቶ ሲሰጠኝ ጠርሙሱ ይሞቃል። ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ስቀዳው ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። ሽታው ድስት ውስጥ ያረረ ዘቢብ ነው። አክስቴ ቀመስ አደረጉና «ምነው እንዲህ ጎመዘዘ? ኮካ ጨምሪበት እንጂ» አሉኝ። ጉደር በኮካ የሚወድ ብዙ ሰው አለ፣ መብቱ ነው። ይሄኛው ግን ሱቅ ውስጥ የተበላሸ ነው። ወይን ሙቀትና ብርሃን አይችልም። ጉደር ርካሽ ስለሆነ ማንም አይጠነቀቅለትም፤ በጣም ያናደደኝም ይሄ ነው።

በማግስቱ ውስጥ ለውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ላነሳ ስል «ተይው እህቴ፣ እሱ ለማሳያ ነው፤ ከጓዳ ላምጣልሽ» አለችኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከካርቶን አውጥታ አመጣችልኝ። ጠርሙሱ ቀዝቀዝ ብሏል። ከምን ጋር እንደምንጠጣው ጠየቀችኝ። ለዶሮ ወጥ ስላት «እንግዲያው አክሱሚትም ያዢ» አለች። ልጅ ጠርታም አራተኛ ፎቅ ድረስ አስያዘችልኝ።

ምክሯ ልክ ነበር። ጉደር ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ ወይን ነው፣ አፍ ይይዛል። በርበሬ ሲገናኘው ደግሞ ማቃጠሉ ይብሳል። አክሱሚት ጣፋጭ ወይን ስለሆነ የዶሮውን ቃጠሎ ያበርደዋል። ጉደሩን ለጥብስ አስቀመጥነው፤ በማግስቱ ቃሪያ ሳይበዛበት፣ ቅቤው ደህና ከገባ ጥብስ ጋር ጠጣነው። የታኅሣሥ ማታ ቤቱን ስለሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ አላስፈለገም። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጥመው። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ከፈትኩት። ቀለሙ ጥርት ያለ ቀይ፣ ሽታው የበሰለ እንጆሪ፤ ከዋጡት በኋላም ምላስ ላይ ትንሽ ይቆያል። አክስቴ ኮካውን ሳይከፍቱ ሁለተኛ አስቀዱ።

ዝዋይ የሚጠመቀውን ሪፍት ቫሊ የተባለ ወይንም ቀምሻለሁ። ሜርሎ ከሚባለው የወይን ፍሬ የሚሠራው ለስለስ ያለ፣ ጥሩ ወይን ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለአዘቦት ቀን ጉደር ይበቃኛል፣ በደንብ ከተያዘ።

የምትመጡ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱን ዳሰስ አድርጉት። ከሞቀ መልሱት።

ስመለስ ሁለት ጉደር በጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ሁለቱም ከዚያች ጠባብ ሱቅ ጓዳ የወጡ ናቸው።