የልጄን ጉሮሮ ላዩልን ሐኪም፦ ምስጋናም ጥቆማም

ስለ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም ልጽፍ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ለምነውኛል። ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ።

የስድስት ዓመት ልጄን ቶንሲል ሲመላለስበት ከረመ። ትኩሳት፣ መዋጥ ማቃት፣ ከትምህርት መቅረት። ከዚያ አንቲባዮቲክ። ትንሽ ደህና ይሆንና ደግሞ ይነሳበታል። «የሰውነቱ መከላከያ ደካማ ነው» ያላለኝ ሰው የለም። ያልገዛሁለት ቫይታሚን የለም። በመጨረሻ «ይቆረጥለት» ተባለና እኚህ ሐኪም ዘንድ ደረስን።

«ስንት ጊዜ ታመመ? ቀኑን ጽፈውታል?» አሉኝ። አልጻፍኩም። የድሮ ማዘዣዎቹን ዘርግተን አብረን ቆጠርን። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ። ቶንሲል ማውጣት የሚታሰበው በአንድ ዓመት ቢያንስ 7፣ ወይም ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 5፣ ወይም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ በሐኪም የተመዘገበ ሕመም ሲኖር ነው። «ገና ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወረቀት ስበው ጉሮሮ ሳሉልን። ቶንሲል ለብቻው የተቀመጠ እጢ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከአፍንጫ ጀርባና ከምላስ ሥር ካሉት ወንድሞቹ ጋር ክብ ሠርቶ የቆመ ዘብ ነው። የሚገባውን ጀርም እየለየ መከላከያ ያሠራል። ከእሱ በፊት ደግሞ ንፍጥ አለ። ንፍጥ ጀርሙን አጣብቆ ይይዛል፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ተውጦ ጨጓራ ውስጥ ያልቃል። በንፍጥና በምራቅ ውስጥ አይጂኤ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ጀርሙ ጉሮሮ ላይ እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል። የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይምም አለ። ሳይንቲስቱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ይፋ ሲያደርገው፣ ያገኘው ጉንፋን ከያዘው ሰው ንፍጥ ነበር። ልጄ ይህቺን ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቷል።

«ሲተኛ አፉን ይከፍታል?» አዎ። አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። በአፍ የሚገባው ግን ጉሮሮን ያደርቃል። አፍንጫውን ሲያዩት በአለርጂ ታፍኗል። የአፍንጫ ስፕሬይ አዘዙ፤ በጨው ውሃ ማጠብንም አሳዩን።

ቀጥለው ቀስ ብለው «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» አሉ። እኔ ነኝ። በረንዳ ላይ ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። ጭሱ እነዚያን ፀጉሮች እንደሚያሰንፍ፣ በልብሴም ተከትሎኝ እንደሚገባ ነገሩኝ። ያን ማታ ልጄ አጠገብ ተኝቼ ትንፋሹን ሳዳምጥ አደርኩ። ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ።

አንቲባዮቲክ ጠል አይደሉም። በእነዚህ ወራት አንዴ ታመመና በምርመራ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሲገኝ ራሳቸው አዘዙለት፤ እስከ መጨረሻው እንዲወስድም አጥብቀው ነገሩን። ካልታከመ ለልብ በሽታ ሊዳርግ ይችላልና። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ግን ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ጉሮሮን የሚጠብቁ ጥሩ ባክቴሪያዎችንም ይጎዳል።

ከዚያች አንዴ ሌላ አልታመመም። ልጅ ሲያድግ ሕመሙ በራሱም ይቀንሳል ብለው ምስጋናዬን ሊቀንሱብኝ ሞከሩ። አልቀነስኩም። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጃችሁ ተኝቶ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ግን መቁጠር አትጠብቁ፤ ቶሎ ውሰዱት። ሌሎቻችሁ የታመመበትን ቀን እየጻፋችሁ ሂዱ።