በጮቄ ግርጌ ያለ አንድ ጸበል፦ ለሐዘንተኛና ለታማሚ ምን ያህል ይመቻል?

ስለ ጸበል ቦታ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ማን ዳነ፣ ማን ጋኔን ወጣለት የሚለው ነው። እኔ የምመዝነው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐዘን የሰበረው ወይም ሕመም ያደከመው ሰው ልቡን በእግዚአብሔር ላይ ሳይዘጋ ሱባኤውን እንዲፈጽም ቦታውና አገልጋዮቹ ምን ያህል ይረዱታል? በዚህ ሚዛን በምሥራቅ ጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ይህ ጸበል ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጣል። ስሙን የማልጠቅሰው ስለ ማረፊያው የምናገረው መልካም ስላልሆነ ነው።

እናቴን ይዤ የሄድሁት የአባቴ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በዚያ ላይ ከቀብሩ ወዲህ ጸሎት አቁማ ነበር። «ምን ብዬ ልጸልይ?» ከማለት በቀር ምክንያቱን አትናገርም።

የቦታው ትልቁ ሀብት፣ ለእኔ ከውኃውም በላይ፣ ከጥምቀቱ በኋላ ያለው የዳዊት ንባብ ነው። ጸበልተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ሲሞቅ አንድ መሪጌታ የዕለቱን ድርሻ በግእዝ ያነባሉ፤ ከዚያም አንዱን መዝሙር መርጠው በአማርኛ ያብራራሉ። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ እንደሚደገም ይታወቃል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ በ150 ይፈጸማል። መሪጌታው ከሰኞው ድርሻ ለትርጓሜ የመረጡት ምስጋና የሞላበትን ሳይሆን «እስከ መቼ» እያለ የሚጮኸውን 12ኛውን መዝሙር ነበር። ሐሙስ ደግሞ 87ኛውን አነሡ። ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና አይመለስም፤ ወዳጅና ዘመድ እንደራቀ፣ ጨለማው እንዳለ ያበቃል። መሪጌታው ማጽናኛ አልጨመሩበትም። ይህም በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ እንደገባ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንደምትደግመው ብቻ ተናግረው መጽሐፉን ዘጉት። ሐዘንተኛ ወደ ጸሎት ለመመለስ አስቀድሞ ማመስገን ያለበት ይመስለዋል፤ ማመስገን ሲያቅተውም ጨርሶ ይተወዋል። እናቴ ለጥያቄዋ መልስ ያገኘችው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ማታ ዳዊቷን ከሻንጣ አውጪልኝ አለችኝ።

ይህን አጥብቄ የማነሣው ተቃራኒውንም ስላየሁ ነው። ቀደም ሲል በሄድንበት በሌላ ቦታ በድምፅ ማጉያ ምስክርነት የማይሰጥበት ቀን አልነበረም፤ ያልተሻለው ሰው እምነት እንደጎደለው ይቆጠር ስለነበር አንዳንዱ ሳይሻለው ተሻለኝ ይል ነበር። ኢዮብን ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መቀመጣቸው መልካም ነበር፤ ነገር የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን መፈለግ ሲጀምሩ ነው። በጮቄው ጸበል ማንም ተሻለህ ወይ ብሎ አያፋጥጥም።

በመድኃኒት በኩል ያላቸው ጥንቃቄም ይመሰገናል። ጸበል የሚጠጣው በማለዳ በባዶ ሆድ ስለሆነ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው አደጋ አለው፤ መርፌውን ወግቶ ምግብ ያዘገየ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። አጥማቂው ካህን የእናቴን የመድኃኒት ፌስታል አስከፍተው አንድ በአንድ አዩና፣ «እናቴ፣ ይኼኛው ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብለው ጠየቋት። ከዚያም ከሰልፉ ፊት አስቀድመው አጠመቋትና ወዲያው በሶ እንድትቀምስ አዘዙ። «አባቴ፣ ጾሙስ?» ብትላቸው ለታማሚ ጾም እንደሚቀልለት፣ ይህንም ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትጨርስ ነገሯት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ካስተማሩ ዓመታት ቢያልፉም፣ መድኃኒት አስጥለው የሚያጠምቁ ዛሬም አሉና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለታማሚ ተጸልዮ ዘይት ስለሚቀባበት ስለ ምሥጢረ ቀንዲልም ጠይቀን ነበር። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ለሚሞት ብቻ የሚደረግ እየመሰለው ይፈራዋል። ካህኑ የያዕቆብን መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ጠቅሰው፣ ቃሉ የሚናገረው ስለታመመ ሰው እንጂ ስለሚያጣጥር ሰው አለመሆኑን አስረዱን። ማብራሪያቸው ጥሩ ነበር፤ ለአንድ አረጋዊት ሴት ግን ቆመው መስማታቸው ከበዳቸው፤ አንዲት አግዳሚ ወንበር ቢኖር ምን ነበረበት?

ማረፊያው ግን እጅግ ደካማ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ፍራሽም የለም። የጮቄ ብርድ እንኳን ታማሚን ጤነኛውንም ያንቀጠቅጣል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ሌሊት ያለ አስታማሚ መሄድ አይቻልም፤ ወደ ጸበሉ የሚያወርደው ድንጋያማ ደረጃም መያዣ የሌለውና የሚያንሸራትት ነው። ገንዘብ ስለማይጠየቅ ብቻ ይህን ሁሉ ማለፍ አይገባም፤ ምእመናን በጧፍና በዕጣን ፋንታ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ቢሳሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ብዙ ሕዝብና የክብረ በዓል ድምቀት የሚያጽናናው ሰው ወደ ሰከላ፣ ግልገል ዓባይ ወደሚመነጭበት ወደ ግሽ ዓባይ ቢሄድ ይመረጣል፤ በተለይ ጥር 13 በአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል። ጸጥታ ለሚፈልግ፣ በእግሩ ለሚሄድና አስታማሚ ላለው ግን ይህኛው ይሻለዋል። መተንፈስ ለሚቸገር ወይም በየቀኑ የሐኪም ክትትል ለሚያስፈልገው ሰው አልመክርም፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ከፍታውም ይከብዳል። የሚሄድ ሰው ሁለት ጋቢ፣ ምንጣፍ፣ ባትሪና ለሱባኤው የሚበቃ መድኃኒት ይያዝ። በዐቢይ ጾም ጸበልተኛው ስለሚበዛ ከቀትር በፊት ያልደረሰ ሰው ጎጆ አያገኝም።