ፍላሽን በሊኑክስ ለመሰየም፦ በመስኮት ወይስ በተርሚናል?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ የሚያስረክብ ባለሙያ፣ የደንበኞቹ ፍላሾች ሁሉ በአንድ ዓይነት ስም ከተከፈቱበት የማን የትኛው እንደሆነ ለመለየት እያንዳንዱን ከፍቶ ለማየት ይገደዳል። ፍላሹን መሰየም ይህን ድካም ያስቀራል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መሣሪያዎች ሁሉም ነጻ ስለሆኑ፣ ምርጫውን የሚወስነው ለመልመድ የሚፈጁት ጊዜና ስሕተት ሲፈጠር የሚያስከትሉት ጉዳት ነው።

በመስኮት ከሚሠሩት መካከል ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ጂኖም የተባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ዲስክስ (Disks) የሚባል ፕሮግራም ነው። ፍላሹን ከነመጠኑና ከነአምራቹ ስም ስለሚያሳይ ከኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ ጋር መምታታቱ አስቸጋሪ ነው፤ የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች በፍላሹ ላይ የሚደራጁበት ስልት) ዓይነት ከተለመዱት የትኛውም ቢሆን ስሙ የሚቀየረው በዚያው ቅጽ ላይ ነው። ለተነቃይ ፍላሽ በአብዛኛው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ስለማይጠይቅ፣ ሠራተኛ የቀጠረ ባለሱቅ ቃሉን ለማንም መስጠት አያስፈልገውም። ጂፓርትድ የተባለው ሌላው ፕሮግራም ግን የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል፤ ዲስክን ወደ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ለመከፋፈል እንጂ ለስም ብቻ ብሎ እሱን መጫን አይገባም።

ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት፣ የሚያዋጣው ፍላሾቹ ሲበዙ ነው። ሃያ ፍላሽ በተከታታይ ቁጥር ለመሰየም አጭር ስክሪፕት (በተራ የሚፈጸሙ የተጻፉ ትእዛዞች) ይበቃል፤ በመስኮት ግን ያው ጠቅታ ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። ሆኖም ለፋት32 ፋትሌብል (fatlabel)፣ ለኤክስፋት ኤክስፋትሌብል (exfatlabel)፣ ለኤክስት4 ኢ2ሌብል (e2label)፣ ለኤንቲኤፍኤስ ኤንቲኤፍኤስሌብል (ntfslabel) እየተባለ ትእዛዙ በፋይል ሲስተሙ ይለያያል። ከዚህ የሚብሰው ስጋት ደግሞ ሊኑክስ ለዲስክና ለፍላሽ የሚሰጠው ኤስዲኤ (sda) ወይም ኤስዲቢ (sdb) የሚባለው መጠሪያ እንደተሰካበት ቅደም ተከተል መለዋወጡ ነው። መሰየም ፋይል አያጠፋም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲስኩን በስሙ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ ያ ስም በስሕተት ከተቀየረ፣ በትክክል ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት ዲስኮችን በሚዘረዝረው ኤልኤስቢኤልኬ (lsblk) ትእዛዝ መጠኑን ማየት፣ ፍላሹንም ሳይነቅሉ አንማውንት ማድረግ (ከሲስተሙ ማላቀቅ) ሊዘለል የማይገባ ጥንቃቄ ነው።

በአማርኛ ለሚሰይም ሰው ግን ከመሣሪያው ይልቅ የፋይል ሲስተሙ ይወስናል። ፋት32 የሚቀበለው 11 ባይት ብቻ ሲሆን የግእዝ ፊደልንም በወጉ አይዝም፤ ስለዚህ በላቲን ትልልቅ ፊደላት መሰየም ይሻላል። ኤክስት4 እስከ 16 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ስልት) 3 ባይት ስለሚይዝ «ድሬዳዋ» የሚለው ሲገባ «የሐረር ሠርግ» የሚለው አይገባም። ኤክስፋት ግን ባይት ሳይሆን 11 ፊደል ስለሚቆጥር ሁለቱንም ይይዛል። ፍላሹን ከፋት32 ወደ ኤክስፋት ማዞር ፎርማት ማድረግን ስለሚጠይቅና በላዩ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ይህ ሥራ ቪዲዮው ሳይገለበጥ በፊት መጠናቀቅ አለበት።